የጭስ ማውጫው ቱቦ በቡሎን ሳይሆን በሞላ የሚያዘው ለምንድን ነው?

መግቢያ

በአንድ የሜካኒክስ ክፍለ ጊዜ ማብቂያ ላይ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ወደ እኛ ቀርቦ፣ «መምህር፣ ብየዳ በሙቀት ይለቃል እንዴ?» ሲል ጠየቀን። ነገሩን ስናጣራ የሚከተለውን ተረዳን። ተማሪው ከአጎቱ ያገኘው ያገለገለ ባለ 125 ሲሲ የጭቃና የዳገት ሞተር ብስክሌት አለው። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ነው። የጭስ ማውጫው ቱቦ ከሲሊንደሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በእጅ ሲነኩት ይወዛወዛል፤ ከመጋጠሚያውም ጥቁር ዘይት ይንጠባጠባል። ቱቦውን ይዘው የሚገኙት ሁለት ትንንሽ ሞላዎች ብቻ ናቸው። ተማሪው እነዚህን ሞላዎች ባየ ጊዜ ከእርሱ በፊት የነበረ ባለቤት ቡሎኑ ቢጠፋበት ለጊዜው ያሰራቸው መስሎታል። ጋራዥ የወሰደውም ለዚሁ ነበር፤ ባለሙያውም «በየደን እንገላገለው» ብሎታል።

ተማሪው ከብየዳው በፊት መጠየቁ በጀው። ሞላዎቹ የፋብሪካው ሥራ ናቸው፤ የተቀመጡትም ታስቦባቸው ነው። ቱቦው ቢበየድ ኖሮ ውሎ አድሮ ወይ ቱቦው ወይም ማቀፊያው ሊሰነጠቅ ይችል ነበር። በዚህ ጽሑፍ ይህ ለምን እንደሚሆን ከመሠረቱ እንመለከታለን። በመንገዳችንም ላይ የሞገድን ነጸብራቅ፣ በሙቀት መስፋትን፣ የሁክን ሕግና ሪዞናንስን እናገኛለን። አንባቢያን በክፍል ውስጥ በየምዕራፉ ተለያይተው የተማሯቸው እነዚህ ርዕሶች በአንዲት የቱቦ መጋጠሚያ ላይ ተሰብስበው ሲሠሩ ይታያሉ።

ባለ ሁለት ምት ሞተር እንዴት ይተነፍሳል?

በባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ አየርና ነዳጅ የሚያስገባ፣ የተቃጠለውንም ጋዝ የሚያስወጣ በር አለ፤ እነዚህ በሮች በቫልቭ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉም። በተለመደው አነስተኛ ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን በሲሊንደሩ ራስ ላይ ቫልቭ የለም። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ ፒስቶኑ ወደ ላይና ወደ ታች በሄደ ቁጥር እነርሱን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ፒስቶኑ ሲወርድ በመጀመሪያ የሚከፈተው የጭስ መውጫው ቀዳዳ ነው። ቀጥሎ አዲሱ የአየርና የነዳጅ ቅልቅል የሚገባበት ቀዳዳ ይከፈታል። ፒስቶኑ ሲመለስ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መግቢያው ቀድሞ ይዘጋል፣ መውጫው በኋላ።

ችግሩ የሚመነጨው ከዚህ ላይ ነው። መግቢያው ተዘግቶ መውጫው ገና ክፍት በሆነበት ጊዜ አዲሱ ቅልቅል ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር አብሮ ሊወጣ ይችላል። ነዳጅ ይባክናል፣ ኃይልም ይቀንሳል። ታዲያ ቫልቭ ሳይኖር መውጫውን በትክክለኛው ቅጽበት ማን ይዝጋው? መልሱ «የጭስ ማውጫው ቱቦ ራሱ» የሚል ነው።

ቱቦው ጭስ ማስወጫ ብቻ አይደለም

የዚህን ዓይነት ሞተር ቱቦ የተመለከተ ሰው ሆዱ የተነፋ፣ ሁለቱ ጫፎቹ የቀጠኑ መሆኑን ያስተውላል። ቅርጹ ለውበት የተሰጠ አይደለም። የጭስ መውጫው ቀዳዳ በድንገት ሲከፈት ከሲሊንደሩ የግፊት ሞገድ ይወጣና በቱቦው ውስጥ ይጓዛል። ሞገዱ ቱቦው እየሰፋ በሚሄድበት ክፍል ሲያልፍ የስሰት ሞገድ፣ ማለትም ግፊቱ ዝቅ ያለ ሞገድ፣ ወደ ኋላ ይንጸባረቃል። ይህ ሞገድ ሲሊንደሩ ዘንድ ሲደርስ የተቃጠለውን ጋዝ እየሳበ ያወጣል፤ አዲሱ ቅልቅልም እንዲገባ ያግዛል። ቱቦው እየጠበበ ወደሚሄድበት ክፍል ሲደርስ ደግሞ የሚንጸባረቀው ግፊቱ ከፍ ያለ ሞገድ ነው። ይህ ሁለተኛው ነጸብራቅ በጊዜው ከደረሰ ሊያመልጥ ወደ ቱቦው የገባውን አዲስ ቅልቅል እየገፋ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። ወዲያውም ፒስቶኑ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። እንግዲህ በሩን የሚጠብቀው ዘበኛ የድምፅ ሞገድ ነው ማለት ነው።

ዘበኛው በሰዓቱ እንዲደርስ የቱቦው ርዝመት ምን ያህል መሆን አለበት? በግምት እናስላው። ሞተሩ በደቂቃ 8000 ጊዜ ይዞራል እንበል። አንድ ዙር 7.5 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። የጭስ መውጫው ቀዳዳ ለግማሽ ዙር ያህል ክፍት ቢሆን ያለን ጊዜ 3.75 ሚሊ ሰከንድ ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። የድምፅ ፍጥነት ከፍጹም ሙቀት ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚያድግ፣ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ የጭስ ጋዝ ውስጥ በሰከንድ 550 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በ3.75 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ሞገዱ 2.06 ሜትር ይጓዛል። ይህ የደርሶ መልስ ጉዞ ስለሆነ ለሁለት ስናካፍለው 1.03 ሜትር እናገኛለን። በእርግጥም በዚህ ዓይነት ሞተር ብስክሌቶች ላይ ከቀዳዳው እስከ ጠባቡ ክፍል ያለው ርቀት አንድ ሜትር አካባቢ ነው።

ይህን ጥበብ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ካደረሱት መካከል በምሥራቅ ጀርመን በቾፓው ከተማ በነበረው የኤም.ዜድ. ፋብሪካ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ቫልተር ካደን በቀዳሚነት ይጠቀሳል። ካደን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባደረገው ምርምር ሞተሩ እ.ኤ.አ. በ1961 ከ125 ሲሲ 25 የፈረስ ጉልበት ገደማ አስገኘ። ይህም በአንድ ሊትር ሲሰላ 200 የፈረስ ጉልበት ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ወር የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር በስዊድን ውድድር ላይ ሳለ ከድቶ ወደ ምዕራቡ ዓለም ተሻገረ፤ ዕውቀቱንም ይዞ ወደ ጃፓኑ ሱዙኪ ገባ። በተከታዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ በሱዙኪ ሞተር የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የአንድ ቱቦ ቅርጽ በዘመኑ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ከዚህ መገመት ይቻላል።

ለያዝነው ጉዳይ ከዚህ የምንወስደው ቁም ነገር የሚከተለው ነው። መጋጠሚያው የሚያፈስ ከሆነ ሞገዱ በሄደና በመጣ ቁጥር ከጉልበቱ ጥቂት ይሸረፋል። ስለዚህ መጋጠሚያው መታሸግ አለበት። ታዲያ ለማሸግ ከብየዳ የተሻለ ምን አለ? ወደዚህ ጥያቄ እንለፍ።

ለምን አይበየድም?

የመጀመሪያው ምክንያት ሙቀት ነው። ብረት በአንድ ዲግሪ የሙቀት ጭማሪ በእያንዳንዱ ሜትር 0.012 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። አንድ ሜትር የሚሆነው ቱቦ በአማካይ 250 ዲግሪ ቢሞቅ 3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ሦስት ሚሊ ሜትር ጥቂት ይመስላል። ሆኖም ቱቦው በሁለቱም ጫፍ ድርቅ ተደርጎ ቢታሰርና እንዳይረዝም ቢከለከል በውስጡ የሚፈጠረውን ጫና ማስላት እንችላለን። የርዝመቱ ለውጥ ከጠቅላላው ርዝመት 0.003 እጅ ነው። ይህን በብረት የመለጠጥ መለኪያ፣ በ200,000 ሜጋ ፓስካል፣ ስናባዛው 600 ሜጋ ፓስካል እናገኛለን። ተራ ለስላሳ ብረት ግን ገና በ250 ሜጋ ፓስካል ገደማ መልሶ ወደማይመለስበት ቅርጽ ይለወጣል። እውነት ነው፣ ቱቦው ጠማማ በመሆኑ በመተጣጠፍ ከጫናው ከፊሉን ያቃልላል። ቢሆንም ሞተሩ በተነሳና በቀዘቀዘ ቁጥር ይኸው መጎተትና መገፋት ይደጋገማል፤ ብረቱም ይደክማል።

ሁለተኛው ምክንያት ንዝረት ነው። የፒስቶኑ ጉዞ 54 ሚሊ ሜትር በሆነ ሞተር ውስጥ፣ በደቂቃ 8000 ዙር፣ ፒስቶኑ የሚደርስበት ከፍተኛ ሽምጠጣ ከመሬት ስበት ሽምጠጣ ከ1900 እጥፍ በላይ ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ይህን ሙሉ በሙሉ ማመጣጠን ስለማይችል በሰከንድ 133 ጊዜ ይርገፈገፋል። ቱቦው ደግሞ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ቆርቆሮ የተሠራ፣ ሰፊና ቀላል አካል ነው። በአንድ በኩል ከሚንቀጠቀጠው ሞተር፣ በሌላ በኩል ከሻሲው ጋር ተያይዟል። ድርቅ ተደርጎ ከታሰረ በብየዳው ጠርዝ ላይ ጫናው ይከማቻል። ስንጥቅ የሚጀምረውም ከዚያው ነው።

ስለዚህ መሐንዲሶች ከመነሻው የተለየ መንገድ መርጠዋል። እንቅስቃሴውን መከልከል ስለማይቻል ፈቀዱለት፤ ነገር ግን በልኩና በተወሰነለት ቦታ። በሲሊንደሩ ላይ በቡሎን የታሰረ አጭር አንገት አለ። ቱቦው በአንገቱ ላይ ይሰካል፣ በጥቂቱም ይንሸራተታል። ሞላዎቹ ወደ ሲሊንደሩ ይስቡታል። ከመካከሉና ከጀርባው ደግሞ በጎማ ትራስ በኩል ከሻሲው ጋር ይያያዛል።

የሞላው ሥራ

የመጋጠሚያው ዲያሜትር 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 12.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። የሞገዱ ግፊት ለቅጽበት ከውጭው አየር በ100 ኪሎ ፓስካል ቢበልጥ ቱቦውን የሚገፋው ጉልበት 126 ኒውተን ገደማ ይሆናል፤ የ13 ኪሎ ግራም ዕቃ ክብደት ማለት ነው። እያንዳንዱ ሞላ አንድ ሚሊ ሜትር ለመለጠጥ 10 ኒውተን የሚፈልግ ነው እንበል። ሲገጠም 10 ሚሊ ሜትር ከተለጠጠ በሁክ ሕግ መሠረት 100 ኒውተን ይስባል፤ ሁለቱ በአንድነት 200 ኒውተን። ስለዚህ መጋጠሚያው አይከፈትም።

አሁን ቱቦው ሞቆ በመጋጠሚያው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ የእያንዳንዱ ሞላ ጉልበት ከ100 ወደ 110 ኒውተን ብቻ ይለወጣል። በሞላው ቦታ ቡሎን ቢኖር ግን የቡሎን ድርቀት ከሞላው በሺዎች የሚቆጠር እጥፍ ስለሆነ፣ ያችው አንድ ሚሊ ሜትር ቡሎኑን ትበጥሰዋለች ወይም ማቀፊያውን ታጣምመዋለች። የሞላ ጥቅም እንግዲህ ይህ ነው፤ ርዝመቱ ቢለዋወጥም የሚስብበት ጉልበት ብዙ አይለዋወጥም።

ይሁን እንጂ ሞላም የራሱ ድካም አለው። እያንዳንዱ ሞላ በራሱ የሚርገበገብበት ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ አለው። የሞተሩ ንዝረት ከዚህ ድግግሞሽ ጋር ሲገጣጠም ሪዞናንስ ይፈጠራል፤ የሞላው ውዝዋዜ እየጎላ ሄዶ መንጠቆው ይቆረጣል። ልምድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች በሞላው ላይ ሙቀት የሚችል ሲሊኮን የሚቀቡት ወይም በጎማ የተሸፈነ ሞላ የሚመርጡት ለዚህ ነው። ሲሊኮኑ የውዝዋዜውን አቅም ወደ ሙቀት እየለወጠ ያበርደዋል። ሞላው ቢቆረጥ እንኳ ተወርውሮ እንዳይጠፋ ቀጭን ሽቦ በላላ መልኩ ያሳልፉበታል።

ማኅተሙ፦ ኦ-ሪንግ

ተንሸራታች መጋጠሚያ ካለ የሚንሸራተት ማኅተም ያስፈልጋል። ብዙ ዘመናዊ ሞተሮች በአንገቱ ዙሪያ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ኦ-ሪንግ ያስቀምጣሉ። ኦ-ሪንግ ክብ የጎማ ቀለበት ነው። ሲገጠም በጥቂቱ ይጨፈለቃል፤ ጎማው ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ሲታገል ሁለቱን ግድግዳዎች ይጫናል። የጋዙ ግፊት ሲመጣ ደግሞ ቀለበቱን ወደ ቦዩ ጠርዝ ገፍቶ ይበልጥ ያጣብቀዋል። በሌላ አነጋገር ግፊቱ ራሱ ማኅተሙን ያጠብቀዋል።

አንባቢያን «500 ዲግሪ በሚደርስ ጋዝ አጠገብ ጎማ እንዴት ይተርፋል?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ምስጢሩ የሙቀት ፍሰት ነው። አንገቱ የታሰረው በውሃ በሚቀዘቅዝ ሲሊንደር ላይ ስለሆነ ሙቀቱን ወደዚያ ያስተላልፋል፤ ቀለበቱ የሚነካው ብረትም ከጋዙ እጅግ የቀዘቀዘ ነው። ቢሆንም ተራ የናይትራይል ጎማ ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ቶሎ ይደርቃል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ቫይቶን በመባል የሚታወቀው የፍሎሮ-ካርቦን ጎማ ሲሆን 200 ዲግሪ ገደማ ይችላል፤ ቤንዚንም አያሳብጠውም።

የደረቀ ኦ-ሪንግ ምን እንደሚያስከትል ዓለም በመራር ሁኔታ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በተወነጨፈች በ73ኛው ሰከንድ ተበታትና ሰባት ጠፈርተኞች ሞቱ። የአደጋው መነሻ በአንዱ ሮኬት መጋጠሚያ ላይ የነበረው ኦ-ሪንግ በብርዱ ምክንያት የመለጠጥ ጠባዩን ማጣቱ ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን በምርመራው ጉባኤ ፊት የቀለበቱን ቁራጭ በመቆንጠጫ ጨፍልቆ በበረዶ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ሲለቀውም ወዲያው እንደማይመለስ አሳየ። በዚያ ብርድ፣ በእኛ ሞተር ብስክሌት ሙቀት ነገሩን ያበላሸዋል። ሕጉ ግን አንድ ነው። መጋጠሚያው ሲንቀሳቀስ አብሮ ለመንቀሳቀስ ያልቻለ ማኅተም ማኅተም አይደለም።

የአገጣጠሙ ቅደም ተከተል

ከላይ የተመለከትነው ሁሉ በሥራ ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል።

1. ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ሞላዎቹን ለዚሁ በተሠራ መንጠቆ እንንቀል፤ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቢያመልጥ ዓይንን ይጎዳል። የዓይን መከላከያ መነጽር ይደረግ።

2. በአንገቱና በቱቦው አፍ ላይ የተጋገረውን ካርቦን ብረቱን ሳንፍቅ እናጽዳ። አንገቱ ተበልቶ ወይም ክብነቱን አጥቶ እንደሆነ እንመርምር። በአንገቱና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮንም ይታይ።

3. የደረቁትን ኦ-ሪንጎች በአዲስ እንተካ፤ ሲገቡ እንዳይቆረጡ ጥቂት ዘይት እንቀባቸው።

4. ቱቦውን እንሰካና የቡሎኖቹ ቀዳዳዎች ያለ ምንም ጉተታ ፊት ለፊት መግጠማቸውን እናረጋግጥ። ካልገጠሙ በቡሎን ጎትቶ ማስገጠም ከብየዳ የማይተናነስ ስሕተት ነው፤ ጫናው ገና ሞተሩ ሳይነሳ ይጀምራልና።

5. በመጀመሪያ ሞላዎቹ ይግቡ፤ ቀጥሎ ቡሎኖቹ ከፊት ወደ ኋላ ይጥበቁ። የተሰነጠቀ የጎማ ትራስ ይቀየር።

6. አንገቱ ተበልቶ ኦ-ሪንግ ብቻ የማይበቃው ከሆነ ለሞተር የተሠራ፣ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ሲሊኮን በስሱ ይቀባ፤ በማሸጊያው ላይ ለተጻፈው ጊዜም ሳይነካ ይድረቅ። እርጥብ ሲሊኮን ላይ ቤንዚን ከደረሰበት አይይዝም። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው የመስኮት ሲሊኮን ብረት ስለሚበላ አይሆንም።

7. መጋጠሚያውን በንጹሕ ጨርቅ ወልውለን አሥር ደቂቃ ያህል እንንዳ፤ ሲቀዘቅዝ አዲስ ጥቁር ፈለግ መኖሩን እንይ። ሞተሩን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አናስነሳ። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል።

ዘይቱ ከየት መጣ?

ተማሪያችን ኦ-ሪንጎቹን ከቀየረ በኋላ የቱቦው ውዝዋዜ በልኩ ሆነ፣ ድምፁም ተስተካከለ። የዘይቱ ጠብታ ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። እዚህ ላይ የሚያጓጓው ነገር ተጨማሪ ሲሊኮን መለጠፍ ነው። እኛ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቅን። ማኅተሙ ዘይትን አይፈጥርም፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ዘይት ቱቦው ውስጥ ምን ያደርጋል?

በባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገባ ሳይቃጠል የሚወጣ መጠን ምንጊዜም አለ። መጠኑ የሚበዛው ግን ቅልቅሉ ነዳጅ ሲበዛበት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡሬተር ደግሞ ነዳጁን የሚሰጠው በአየሩ ፍሰት በሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ሲሆን፣ የነዳጅና የአየር ጥምርታ ከአየር እፍጋት ስኩዌር ሩት ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። የ0.75 ስኩዌር ሩት 0.87 ገደማ ነው፤ አንድን ለ0.87 ብናካፍል 1.15 እናገኛለን። ስለዚህ ለባሕር ጠረፍ የተቃኘ ካርቡሬተር በአዲስ አበባ 15 በመቶ ያህል ትርፍ ነዳጅ ይሰጣል ማለት ነው። የካንዴላው ጫፍ ሲታይ ጥቁርና እርጥብ ነበር። ዋናው የነዳጅ ቀዳዳ አነስ ባለ ቁጥር ሲተካ ጠብታው ቆመ።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ቀዳዳውን ከልክ በላይ ማሳነስ ሞተሩን ከመጠን በላይ አሙቆ ፒስቶኑን ሊያነክሰው ይችላል። ስለዚህ ለውጡ ደረጃ በደረጃ፣ ካንዴላውን እያዩ የሚደረግ ነው። ብስክሌቱ ወደ ቆላ ከወረደም ቀዳዳው መመለስ አለበት።

ማጠቃለያ

የሚወዛወዘውን ሁሉ ድርቅ አድርጎ ማሰር ጥንካሬ ይመስላል። ያየነው ግን የሚሞቅና የሚንቀጠቀጥ አካል የሚጸናው እንቅስቃሴው በልክ ሲፈቀድለት መሆኑን ነው። የባቡር ሐዲድና የድልድይ ክፍተቶችም የሚሠሩት በዚሁ መርሕ ነው። ከዚህ ሌላ፣ ጠብታ ባየን ጊዜ «በምን ልድፈነው?» ከማለታችን በፊት «ከየት መጣ?» ማለትን ብንለምድ የብዙ ዕቃዎችን ዕድሜ እናረዝማለን። ተማሪያችን ብየዳውን ትቶታል፤ ሁለቱን ሞላዎችም ለሌሎች ተማሪዎች ማሳየት ጀምሯል።

ለአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

ሀ. በቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ቢሆን፣ በደቂቃ ለ8000 ዙር የሚስማማው ርዝመት ስንት ይሆናል? (በ500 ዲግሪ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 550 ሜትር መሆኑን መነሻ አድርጉ።)

ለ. አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ በእያንዳንዱ ሜትር 0.023 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ባለ አንድ ሜትር የአሉሚኒየም ቱቦ 250 ዲግሪ ቢሞቅ በስንት ይረዝማል?

መልስ፦ ሀ. 96 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ለ. 5.75 ሚሊ ሜትር።